ለበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ርካሽ ፊሽ ፋይንደር፦ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሚኔሶታ ከመጣሁ ይሄ ሦስተኛ ዊንተሬ ነው። አምና የሥራ ባልደረቦቼ በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ወሰዱኝና ለመደብኝ። እነሱ በየቀዳዳቸው ዓሣው የት እንዳለ የሚያሳይ ፊሽ ፋይንደር አላቸው፤ እኔ ብቻ በጭፍን እጎትታለሁ። በጀቴ 200 ዶላር ነው። ኢንተርኔት ላይ በእጅ የሚያዝ የ45 ዶላር አየሁ። ሌላው ኳስ የሚመስል፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ ነው። ባልደረቦቼ ደግሞ ያንን ክቡን ፍላሸር ግዛ ይሉኛል። ሰመር ላይም ከዳር ቆሜ ብጠቀምበት ደስ ይለኛል። የስምንት ዓመት ልጄም አብራኝ ትመጣለች። እርስዎ ዕቃውን ስለሚጠግኑ ይምከሩኝ፤ የትኛውን ልግዛ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በጭፍን የጎተትክ አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም ሁለት ዊንተር ሙሉ እንደዛው ነበርኩ። ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ እያየሁ ነው ያደግኩት። እዚያ ዓሣው ያለበትን የሚያውቀው የአጥማጁ ዓይን ነው። የውኃውን ቀለም ያያል፣ ነፋሱን ያያል፣ ወፎቹን ያያል። እዚህ ግን በአንተና በዓሣው መሀል ግማሽ ሜትር በረዶ አለ። ወፍም የለም። ስለዚህ ፊሽ ፋይንደር ያስፈልገኛል ማለትህ ቅንጦት አይደለም።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። በ200 ዶላር፣ ስክሪኑ 4 ኢንች ገደማ የሆነ፣ ባለ ገመድ፣ ፍላሸር የሚባለው ክብ ገጽ ያለው ትንሽ ሶናር፣ ማለትም በድምፅ የሚያይ ፊሽ ፋይንደር፣ ግዛ። ጋርሚን የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ስትራይከር 4 እና ስትራይከር ፕላስ 4 የዚህ ዓይነት ናቸው። ለበረዶ የተሠራ ትራንስዱሰር፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ገብቶ ድምፅ የሚልከው ክፍል፣ ያለውን ጥቅል በቅናሽ ካገኘህ እሱን ያዝ። ካላገኘህ ለጀልባ የሚሸጠውን ግዛና የቀረውን በባልዲና በቧንቧ እንጨርሰዋለን። እንዴት እንደሆነ ከታች እነግርሃለሁ።

ርካሽ ፊሽ ፋይንደር የሚገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገዙት ስክሪኑን ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ዓሣዎቹ ይዋኛሉ፣ በቃ። በረዶ ላይ ግን ቀኑን የሚያቃናው ወይም የሚያበላሸው ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለው ትራንስዱሰርና ባልዲ ውስጥ የተቀመጠው ባትሪ ነው። ስክሪኑ ወሬ ነጋሪ ነው። የሚነግርህ ወሬ ከታች የመጣለትን ያህል ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልግለጽ፤ ይሄን ካወቅህ ሻጭ አያታልልህም። ትራንስዱሰሩ «ጠቅ» የምትል የድምፅ ምት ወደ ታች ይልካል። ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,400 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወለሉ 10 ሜትር ላይ ከሆነ ደርሶ ለመመለስ 14 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መሣሪያው ያቺን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀት ያደርጋታል። ዓሣ የሚታየው ደግሞ በሥጋው አይደለም። የዓሣ ሥጋ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ድምፁ ብዙም ሳይመለስ ያልፈዋል። ድምፁን አጥብቆ የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። መዳፍህን የምታህል ክራፒ የምትባል ዓሣ ስክሪኑ ላይ ደምቃ የምትታየው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ነው የሚወርደው። ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የትራንስዱሰሩ ማዕዘን ነው፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ወለሉን ሲነካ የክቡ ስፋት 2 ሜትር ገደማ ነው። 9 ዲግሪ ከሆነ አንድ ሜትር አይሞላም። 45 ዲግሪ ከሆነ 5 ሜትር ይሆናል።

ሰው ሲሰማው «ሰፊው ይሻላል፣ ብዙ ያሳየኛል» ይላል። ጀልባ ላይ ሆነህ ዓሣ ስትፈልግ እውነት አለው። በረዶ ላይ ግን ቁጭ ብለሃል። መንጠቆህ ከቀዳዳው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ የሚያልፈው ዓሣ ስክሪንህ ላይ መንጠቆህ አጠገብ ያለ ይመስላል። አንተ እጅህ እስኪደነዝዝ ታንቀጠቅጣለህ፤ እሱ ስለ አንተ አልሰማም። በዚያ ላይ ወለሉ ተዳፋት ከሆነ ሰፊው ጨረር መጀመሪያ የሚነካው ከፍ ያለውን ጫፍ ነው። መሣሪያው ያንን ወለል ብሎ ይይዘዋል። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው ሁሉ ወለሉ ውስጥ ይቀበራል። ዋልአይ ደግሞ ወለል ላይ ልጥፍ ማለት የሚወድ ዓሣ ነው።

የ45 ዶላሩን እንግዲህ በዚህ ዓይን እየው። በዚህ ዋጋ በእጅ ከሚያዙት ብዙዎቹ 45 ዲግሪ ናቸው። በትንንሽ ድንጋይ ባትሪዎች ይሠራሉ፤ እነዚያ ደግሞ ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማሉ። ጥልቀት ይነግሩሃል፣ በጥሩ ሁኔታ ይነግሩሃል። ችግሩ የዓሣ ሥዕሎቹ ናቸው። መሣሪያው ከመሀል ውኃ የሆነ ነገር ከተመለሰለት ሥዕል ይለጥፍበታል። ሳር ይሁን፣ አረፋ ይሁን፣ የራስህ መንጠቆ ይሁን አይጨንቀውም። የመጀመሪያ መሣሪያዬ እንደዚህ ያለ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ትልልቅ ዓሣ ሲያሳየኝ ዋለ። አንድም አልነካኝም። ማታ ላይ ጎረቤቴ የውኃ ውስጥ ካሜራውን በቀዳዳዬ አወረደልኝ። ሳር። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳር ሳባብል ውያለሁ።

ጥልቀት ብቻ ማወቅ ከሆነ የምትፈልገው 45 ዶላርም አታውጣ። መንጠቆው ላይ የምትቆነጠጥ የእርሳስ ክብደት አለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ታወርዳታለህ፣ ክሩ ሲላላ ወለሉን ነካህ ማለት ነው። የሐይቁን የጥልቀት ካርታ ደግሞ የሚኔሶታው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ዲ.ኤን.አር. የሚባለው፣ ሌክፋይንደር በሚለው ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጦታል። የትኛው ሐይቅ ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ በጥናት እንደተገኘም እዚያው ታያለህ። ምንም መሣሪያ ብትገዛ ማታ ቤት ሆነህ እሱን ሳታይ አትውጣ።

ወደ ኳሱ እንሂድ። በዚህ ዓይነት በጣም የታወቀው የሊትዌኒያው ዲፐር ነው። ጋርሚንም ስትራይከር ካስት የሚል አለው። ኳሱ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የሚሰማውን በገመድ አልባ ወደ ስልክህ ይልካል። ከዳር ሆኖ በሰመር ለሚያጠምድ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ከማጥመጃ ዘንግህ ጋር አስረህ ትወረውረዋለህ፣ እየጎተትክ ወለሉን ታነባለህ። ባለ ገመዱ ይሄን በጭራሽ አያደርግልህም። ይሄንን አልክድም። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ጠባብ ጨረርም አላቸው፤ ስለዚህ ከ45 ዶላሩ ጋር አንድ ላይ አልመድባቸውም።

በረዶ ላይ የሚቸግረው ኳሱ አይደለም፣ ስልኩ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ስልክ 60 በመቶ እያሳየ ድርግም ይላል። ስክሪኑን ለመንካት ጓንት ታወልቃለህ። ጣትህ እርጥብ ነው፣ ስልኩ አይሰማህም። በመሀል ደግሞ እናትህ ከአገር ቤት ይደውላሉ። ሥዕሉ ይጠፋል፣ ዓሣውም ይሄዳል። እየቀለድኩ አይደለም፣ ከደንበኞቼ የሰማሁት ነው። ሌላም አለ። ኳሱ ቀዳዳው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ክርህም በዚያው ቀዳዳ ይወርዳል። ዓሣ ሲይዝልህ ሁለቱ ይተበተባሉ። መፍትሔው አጠገቡ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ የእጅ መሰርሰሪያ ላለው ሰው ግን 40 ሳንቲ ሜትር በረዶ ሁለት ጊዜ መብሳት ስፖርት ነው።

የሙቀት ማሞቂያ ያለው ድንኳን ካለህ እነዚህ ችግሮች ግማሽ በግማሽ ይቀላሉ። ስልኩን ከፓወር ባንክ ጋር አያይዘህ ማቆሚያ ላይ ታደርገዋለህ። ስለዚህ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ። ከአሥር ጊዜ ስንቱን በረዶ ላይ ነህ? ስንቱን ሰመር ከዳር? ከዳር የሚበዛ ከሆነ ኳሱን ግዛ፣ አልቃወምህም። ከጥያቄህ እንደገባኝ ግን አንተን የያዘህ በረዶው ነው።

ባልደረቦችህ የሚሉህ ክቡ መሣሪያ ፍላሸር ይባላል። እዚሁ ሚኔሶታ ብሉሚንግተን ያለው ቬክሲላር በሱ የታወቀ ነው። ፍላሸር ታሪክ አያሳይም። ክቡ ላይ አንድ መስመር ወለሉ ነው፣ አንዱ መንጠቆህ ነው፣ በመሀል ሌላ መስመር ብቅ ካለ ዓሣ ነው። አሁን፣ በዚች ቅጽበት ያለውን ብቻ ነው የሚነግርህ። መንጠቆህን በጣት ወርድ ስታነሳ መስመሯ አብራ ትነሳለች። በጓንት ይያዛል፣ ብርድ አይፈራም። የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ፍላሸር ለጥገና መጥቶልኝ የተበላሸው ገመዱ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባልደረቦችህ ልክ ናቸው። ችግሩ ዋጋው ነው፤ አዲሱ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዶላር ይጀምራል። ለበረዶ ብቻም ነው የሚመቸው።

ስትራይከርን የመረጥኩልህ ይሄንኑ የፍላሸር ክብ በትንሽ ስክሪን ላይ ስለሚሰጥህ ነው። ገጹን ስትቀይር ደግሞ ያለፈውንም ይዞ የሚሄደውን ሥዕል ያሳይሃል። ጂፒኤስ ስላለው ጥሩ ቀዳዳህን ምልክት አድርገህ በሳምንቱ ትመለስበታለህ። ካርታ ግን የለውም፤ ያንን ከሌክፋይንደር ታሟላለህ። ሰመር ላይ ጀልባ ወይም ካያክ ከተከራየህም ይዘኸው ትሄዳለህ። ሽማግሌዎቹ «ዲጂታሉ ከፍላሸር ትንሽ ይዘገያል» ይላሉ። ይዘገያል። ስምንት ሜትር ላይ ክራፒ ለሚይዝ ሰው ግን የሚያሳስብ አይደለም።

አሁን ወደ ትራንስዱሰሩ። ለበረዶ የሚሠራው ትንሽ ድፍን ሲሊንደር ነው፤ በገመዱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላልና በራሱ ክብደት ወደ ታች ያያል። ለጀልባ የሚሠራው ግን ከጀልባው ኋላ ጋር በብሎን እንዲታሰር ተብሎ ነው የተሠራው። በገመዱ ብቻ ብታንጠለጥለው ያጋድላል። ያጋደለ ትራንስዱሰር ደግሞ መንጠቆህን አያይም፤ ወለሉንም ወፍራምና የደበዘዘ ያደርገዋል። ደንበኛ መጥቶ «ተበላሽቷል» ካለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት እንዳንጠለጠለው ነው።

መፍትሔው አሥር ዶላር አይፈጅም። ከግማሽ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ግዛ፤ አንድ ሜትር ብትሆንም አትጎዳም። ትራንስዱሰሩን ከራሱ መያዣ ጋር ጫፏ ላይ እሰረው። ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቧንቧዋን ቀጥ አድርገህ አቁምና ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬቱ እስኪያይ መያዣውን አስተካክል፣ አጥብቅ። ከላይ ደግሞ ቀዳዳው ላይ የሚጋደም እንጨት ይሁንላት። በረዶው ላይ ስትደርስ ፊቱ ከበረዶው የታችኛ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ማለቱን አረጋግጥ። ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ድምፁ ግድግዳውን እየመታ ስክሪንህን በቆሻሻ ይሞላዋል። ልክ መሆኑን የምታውቀው ወለሉ ቀጭንና ደማቅ መስመር ሲሆን ነው።

አንዳንዱ ሰው ሳይበሳ በበረዶው ላይ ውኃ አፍስሶ ትራንስዱሰሩን ይለጥፍበታል። ጥርት ያለ፣ አረፋ የሌለው በረዶ ከሆነ ይሠራል፤ ጥልቀት ለማየትና የት እንደምትበሳ ለመምረጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ነጩ፣ ከወደቀ በረዶ የተሠራው ላይ ግን አትድከም። አየሩ ድምፁን ይውጠዋል።

ባትሪው። አዲስ አበባ ቢሮ ሠርተህ ከሆነ ታውቀዋለህ። መብራት ሲጠፋ ጲጵ እያለ የሚያሳብደን ዩፒኤስ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ሳጥን ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት። ሁለት ኪሎ ከምናምን ይመዝናል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ትንሹ ስትራይከር የሚበላው ሩብ አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ 28 ሰዓት ያሠራዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሊድ አሲድ ባትሪ የአቅሙን ግማሽ ያህል ያጣል። 14 ሰዓት ቀረህ። ከጠዋት እስከ ማታ ብትቀመጥም ይተርፍሃል።

ቀላል ካማረህ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው አለ። ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፣ ብርዱንም ሥራ ላይ እያለ ይችለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ እንዳታደርገው። ውስጡ ሊቲየሙ በማይሆን ቦታ ይለጠፍና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። መኪና ውስጥ ያደረ ከሆነ ቤት አስገባውና ጥቂት ሰዓት ሙቀት ይግባው፤ ከዚያ ሰካው። ሊድ አሲዱ ደግሞ ጠላቱ ባዶውን መቀመጥ ነው። ሰመሩን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ባዶውን የከረመ በዲሴምበር አይነሳም። ወር በወር ሙላው።

ባትሪና መሣሪያውን ስታገናኝ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ፊውዙን ደግሞ «ምን ያደርጋል» ብለህ እንዳትዘለው። መመሪያው የሚለውን መጠን ቀዩ ሽቦ ላይ አስገባ። በየዓመቱ ለጥገና ከሚመጡልኝ ውስጥ ከሽቦ መገለባበጥ የተቃጠለ አይጠፋም፤ ያ ደግሞ ዋጋው የመሣሪያው ዋጋ ነው። ሁሉንም ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ውስጥ ክተት። ባትሪው ከታች፣ ዙሪያውን ስፖንጅ፣ ስክሪኑ ጠርዙ ላይ። ቦርሳ አያስፈልግህም።

አገልግሎት ላይ የዋለ መግዛት ካሰብክ ጊዜው ማርች ነው። በረዶው ሲለሰልስ ሰው ዕቃውን ይሰለቸዋል። ጥሩ ፍላሸር በ200 ዶላር የምታገኘው ያኔ ነው። ስትሄድ የራስህን 12 ቮልት ባትሪ ያዝ፤ «ባትሪው ስለሞተ ነው እንጂ ይሠራል» ከሚል ሰው አትግዛ። አብርተህ ትራንስዱሰሩን ጆሮህ ጋ አስጠጋው። ቲክ ቲክ ቲክ ሊልህ ይገባል። ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ ዳስሰው። እኔ ጋ ለሚመጡት ቁጥር አንድ ገዳይ መሰርሰሪያው ነው፤ ገመዱ በረዶው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ምላጩ ይጠቀልለዋል። ትንሽ መቧጠጥ እንኳ ውኃ ያስገባል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካየህም ዋጋ አስቀንስ ወይም ተመለስ። ደግሞ ባልዲ ወይም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞክረኸው «አያሳይም» ብለህ ወደኔ እንዳትመጣ። ለሱ ግማሽ ሜትር ውኃ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

እንበልና ገዛህ፣ ሐይቁ ላይ ደርሰሃል። መጀመሪያ የዓሣ ሥዕሎቹን አጥፋቸው። ከዚያ ጨረሩን 200 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርገው፤ ጠባቡ እሱ ነው፣ 77 ደግሞ ሰፊው። ጌይን የሚባለውን፣ ማለትም የጆሮውን ንቃት፣ ከአውቶማቲክ አውጣና ዝቅ አድርግ። መንጠቆህን አውርድና ቀጭን መስመር ሆኖ እስኪታይህ ድረስ ብቻ ቀስ እያልክ ጨምር። እዚያ ላይ አቁም። ሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ ስክሪኑን በቀለም ያጥለቀልቀዋል። አጠገብህ ሌላ ሰው ሶናር ከፍቶ ስክሪንህ ዝናብ በሚመስል ነጠብጣብ ከተሞላ የጣልቃ ገብነት ማጥፊያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው፤ ካልሆነም ጥቂት ሜትር ራቅ።

ኢንተርኔት ላይ ዓሣ እንደ ቅስት ሆኖ ሲታይ አይተህ ይሆናል። በረዶ ላይ ቅስት አትጠብቅ። ቅስቱ የሚመጣው ጀልባው ሲያልፍ ወይም ዓሣው ጨረሩን አቋርጦ ሲሄድ ነው። አንተ ቆመሃል። የቆመ ዓሣ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ወደ መንጠቆህ የሚነሳ ዓሣ ደግሞ ወደ ላይ ያዘነበለ መስመር።

አምና ጃንዋሪ ሴንት ፖል ፌለን ሐይቅ ላይ ነበርኩ። ወለሉ 8 ሜትር፣ መንጠቆዬ 7 ላይ። ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ወለሉ ወፈር አለ። እብጠቷ ከወለሉ ተላቀቀች፤ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ። ስትቀርብ ቀይ ሆነች። መንጠቆዬ ሥር አንድ ስንዝር ላይ ቆመች። ባንቀጠቅጥ ትሄዳለች፣ ይሄን አውቀዋለሁ። ስንዝር ያህል ቀስ ብዬ አነሳሁ። ተከተለች። እንደገና አነሳሁ። ተከተለች። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆኑ፣ የዘንጉ ጫፍ ግን አልተነቀነቀም። ክራፒ አንዳንዴ ወደ ላይ እየዋኘ ነው የሚጎርሰው፤ ክሩ ይላላል እንጂ አይሳብም። ስክሪኑ ባይኖር ነክቶኝ እንደነበር አላውቅም ነበር። ጎተትኩ። ለዚህች ቅጽበት ነው ሰው 200 ዶላር የሚያወጣው።

ስለ ክራፒ ካነሳን፣ ያ የአየር ከረጢት የሚያሳይህን ያህል ዓሣውን ይጎዳዋልም። ከ9 ሜትር በላይ ጥልቀት ካወጣኸው ከረጢቱ ይነፋና ብትመልሰውም የመትረፍ ዕድሉ ትንሽ ነው። ይዘህ የምትመልስ ከሆነ ጥልቁን ተወው። ለምግብ ከሆነ ደግሞ የሚበቃህን ያዝና አቁም። ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው ሐይቆቻችን የሚረጉት፤ ስለዚህ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ እኔ ሱቅ ውስጥ ይነሳል። እሱን ለመምህራኑ ትቼዋለሁ። ሶናር ብቻ ነው የምጠግነው።

ደንቡን በአጭሩ፦ እዚህ ሚኔሶታ በበረዶ ላይ በአብዛኛው ለአንድ ሰው ሁለት ክር ይፈቀዳል። 16 ዓመት ከሞላህ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ልጅህ አያስፈልጋትም። ሌላ ስቴት፣ ካናዳ ወይም ስዊድን ያላችሁ አንባቢዎች የራሳችሁን ደንብ እዩ። በእግር ለመቆም ደግሞ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል። ነጩ ከሆነ እጥፉን። ሶናር የበረዶ ውፍረት አይለካልህም፤ እየበሳህ በሜትር ለካ። ልጅቷን ሳታስከትል መጀመሪያ አንተ ሂድ።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙረው። ስምንት ዓመት ልጅ ሦስት ሰዓት ቀዳዳ አያይም፤ ቀለም ግን ያያል። የኔ ትንሿ በዚያ ዕድሜዋ «አባዬ፣ ቢጫው መጣ!» እያለች ትጠራኝ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ ስቀዳ ማለት ነው። ገመዱን ብቻ ከእግሯ አርቀው፣ ባልዲው ጎን ላይ ጠቅልለህ እሰረው።